«እናንተ ቅደሙ» የሚል ፕሮግራም፦ የናይስ ቁጥር በሊኑክስ ላይ ምን ይሠራል?

ባለፈው ክረምት ስካን የተደረገ የአማርኛ መጽሐፍ ወደሚታረም ጽሑፍ ለመለወጥ ተነሣሁ። ቴሰራክት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የእኛን ፊደል ያነባል፤ ገጹ ሲበዛ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል። ጉዳዩን ያጫወትኩት ጓደኛዬ «የናይስ ቁጥሩን -20 አድርገው፤ ይበራል» አለኝ። እንዳለኝ አደረግሁ። አልበረረም። በማግስቱ ጠዋት ሳየው የወሰደው ጊዜ ከቀደመው ሌሊት ጋር ያው ነበር።

ጓደኛዬ ትእዛዙን አልተሳሳተም፤ የትእዛዙን ጠባይ ነው የሳተው። ብዙ ሰውም እንደ እሱ ያስባል። ናይስ፣ ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓተ ክወና ውስጥ ያለው ትእዛዝ፣ የፍጥነት መጨመሪያ ይመስላል እንጂ ሥራው ተራ መደልደል ነው። ተራ ደግሞ ትርጉም የሚኖረው ተሰላፊ ሲኖር ነው፤ ያን ሌሊት ማሽኑ ላይ ከቴሰራክት ሌላ የሚሠራ ነገር አልነበረም።

ፕሮግራሞች የሚሻሙት ምንድን ነው?

በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ፕሮሰስ ይባላል። አንድ ላፕቶፕ ምንም ሳንከፍትበት እንኳ ከመቶ በላይ ፕሮሰሶች ይዞ ይቀመጣል። አብዛኞቹ ግን ተኝተዋል፤ ቁልፍ እስኪጫን፣ ከኔትወርክ መልስ እስኪመጣ ወይም ሰዓታቸው እስኪደርስ ይጠብቃሉ። ስሌቱን የሚሠሩት ኮር የሚባሉት የፕሮሰሰሩ ክፍሎች ናቸው። አንድ ኮር በአንድ ቅጽበት የሚያስተናግደው አንዱን ብቻ ነው፤ የነቁት ከኮሮቹ ሲበዙ ሽሚያው ይጀምራል።

በአንድ ግቢ ያሉ አራት ተከራዮች አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋራሉ እንበል። የአራቱም ሊጥ በአንድ ቀን ኩፍ ብሎ ደረሰ። አንዷ ሃምሳ እንጀራ ጋግራ እስክትጨርስ ሌሎቹ ቢቀመጡ ግቢው ይጣላል። ስለዚህ አንዷ ሁለት እንጀራ አውጥታ ትነሣለች፣ ቀጣይዋ ትቀመጣለች፣ ዙሩ እንዲህ ይቀጥላል። ኮምፒውተር ውስጥም እንዲሁ ነው። ዙሩን የሚመራው በሥርዓተ ክወናው እምብርት፣ በከርነሉ ውስጥ ያለ ስኬጁለር የሚባል ክፍል ነው፤ ከዚህ በኋላ ታክሲ ተራ ላይ እንደምናውቀው ሰው «ተራ አስከባሪ» እለዋለሁ። ለአንዱ ፕሮሰስ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። ዙሩ ከመፍጠኑ የተነሣ ሙዚቃው ሳይቆራረጥ፣ የምናነበው ገጽም ሳይደናቀፍ፣ ሁሉም እኩል የሚሠሩ ይመስለናል።

ቁጥሩ ለምን የተገላቢጦሽ ሆነ?

ናይስ በእንግሊዝኛ ደግ፣ ሰው አክባሪ እንደ ማለት ነው። ስሙ በ1970ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቤል ላብስ ውስጥ ከተሠራው ከዩኒክስ የተወረሰ ነው። ያኔ አንዱን ማሽን ብዙ ሰዎች ይጋሩት ነበርና፣ ረጅም ስሌት የያዘ ሰው ሌላውን እንዳያስቸግር ሥራውን «ጨዋ» አድርጎ ይሰድደዋል። ቁጥሩ እንግዲህ የሚለካው ጨዋነትን ነው። ከ-20 እስከ 19 ይሄዳል፤ ማንም ካልነካው 0 ነው። 19 የተሰጠው ፕሮሰስ ሰው በገባ ቁጥር «ኖር!» እያለ የሚነሣ ነው። -20 የተሰጠው ደግሞ ሽማግሌ ቆመው እያያቸው ከወንበሩ ንቅንቅ የማይል። ቁጥሩ ሲያድግ ቅድሚያው የሚወርደው ለዚህ ነው።

ቶፕ የሚባለውን የፕሮሰሶች መመልከቻ የከፈተ ሰው ሁለት ዓምዶች ያያል። ኤን አይ በሚለው ሥር የናይስ ቁጥሩ አለ። ፒ አር በሚለው ሥር ደግሞ ለመደበኛ ፕሮሰሶች ያው ቁጥር 20 ተደምሮበት ይታያል፤ 0 የነበረው 20፣ 19 የነበረው 39 ይሆናል። ሌላ ምሥጢር የለውም።

አንድ ደረጃ ስንት ልዩነት ያመጣል?

ተራ አስከባሪው እያንዳንዱን የናይስ ቁጥር ወደ ክብደት ይመነዝረዋል። የ0 ክብደት 1024 ነው። የ1 ክብደት 820፣ የ5 ክብደት 335፣ የ10 ክብደት 110፣ የ19 ክብደት 15 ብቻ። በሌላኛው ጫፍ -20 እስከ 88761 ይደርሳል። አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሄድ ክብደቱን በ1.25 እጥፍ ገደማ ይለውጠዋል። የኮሩ ጊዜ ለተሰላፊዎቹ የሚከፋፈለው በክብደታቸው ልክ ነው።

ሥራ የሚወዱ ሁለት ፕሮሰሶች አንድ ኮር ላይ ተገናኙ እንበል። ሁለቱም 0 ከሆኑ እኩል ይካፈላሉ። አንዱን ወደ 1 ብናወጣው ክፍፍሉ ወደ 55 እና 45 ከመቶ ይጠጋል። 5 ላይ 75 ለ25፣ 10 ላይ 90 ለ10 ገደማ ነው። 19 ላይ ጨዋው የሚደርሰው 1.4 ከመቶ ብቻ ነው። ትኩረት የሚሻው ግን ቁልፉ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት መሆኑ ነው። 5 እና 10 ሆነው ቢሻሙ፣ ወይም 0 እና 5 ሆነው፣ ክፍፍሉ አንድ ዓይነት ነው። ግቢው ውስጥ ሁሉም እኩል ጨዋ ከሆኑ ጨዋነቱ ማንንም ወደ ኋላ አያስቀርም።

19 የተሰጠው ፕሮሰስ ሌሎቹ ሊጣቸውን ጨርሰው ሲገቡስ? ምጣዱ ባዶ ነውና ሙሉ ለሙሉ የእሱ ይሆናል፤ መቶ ከመቶ። ናይስ ጣሪያ አያበጅም። ስለዚህ «ፕሮግራሙን 19 አድርጌው ፕሮሰሰሩን አሁንም መቶ ከመቶ ይዞታል፤ ትእዛዙ አይሠራም» የሚለው ቅሬታ መሠረት የለውም። ከልካይ ስለሌለ ነው የያዘው፤ ሌላው እንደነቃ ይለቅለታል። የማሽኑ ማራገቢያ እንዳይጮህ ወይም ባትሪው እንዳያልቅ የሚፈልግ ሰው መሣሪያው ሌላ ነው።

ቀመሩ ሁልጊዜ እንዲህ ወጥ አልነበረም። በድሮው ሊኑክስ አንድ ደረጃ የሚያመጣው ለውጥ እንደ መነሻው ቁጥር ይለያይ ነበርና ሰው ያማርር ነበር። በ2007 ነገሩ ተቀየረ። የአውስትራሊያው ኮን ኮሊቫስ በሙያው ማደንዘዣ ሰጪ ሐኪም ሲሆን፣ ለግል ኮምፒውተር የሚመች፣ ለሁሉም እኩል የሚያካፍል ተራ አስከባሪ በትርፍ ጊዜው ሲጽፍ ቆይቶ ነበር። ሀሳቡ የሚሠራ መሆኑን አሳየ። በመጨረሻ ወደ ከርነሉ የገባው ግን የእሱ ኮድ ሳይሆን የከርነሉ ባለሙያ ኢንጎ ሞልናር የጻፈው ነው፤ በጥቅምት 2007 ከከርነል 2.6.23 ጋር ወጣ። ሞልናር የኮሊቫስን አስተዋጽኦ ቢያመሰግንም፣ ኮሊቫስ በዚያው ዓመት ለጊዜው ከከርነል ሥራ ራሱን አገለለ። እኔ ፕሮግራም በተጨናነቀበት ላፕቶፕ ላይ ሙዚቃ ሳይቆራረጥ በሰማሁ ቁጥር ሐኪሙ ትዝ ይሉኛል። ከ2023ቱ ከርነል 6.6 ወዲህ ደግሞ ሌላ ስልት ተተክቷል፤ የክብደቱ ሠንጠረዥ ግን አልተነካም።

ትእዛዙ እንዴት ይጻፋል?

እዚህ በፊደላችን እጽፈዋለሁ፤ ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ግን በላቲን ፊደል፣ ሁሉም በትንንሹ ነው። ናይስ ማለት ኤን፣ አይ፣ ሲ፣ ኢ ነው፤ ሪናይስ ደግሞ ከፊቱ አር እና ኢ ይጨምራል።

ገና የሚጀመር ሥራ ከሆነ፦ ናይስ፣ ክፍተት፣ ሰረዝ ኤን፣ ክፍተት፣ 15፣ ክፍተት፣ ከዚያ ያለ ናይስ ቢሆን የምንጽፈው ትእዛዝ እንዳለ። ሰረዝ ኤን እና ቁጥሩ ከተዘለሉ 10 ይሰጠዋል። ብቻውን «ናይስ» ብለን ብንመታ አሁን ያለንበትን ቁጥር ያሳየናል፤ ብዙ ጊዜ 0። ከዚህ ፕሮሰስ የሚወለዱ ልጆችም ቁጥሩን ይወርሳሉ። ስለዚህ አንድ ረጅም ስክሪፕት (በፋይል የተጻፈ የትእዛዞች ዝርዝር) ከነቤተሰቡ ጨዋ ለማድረግ መጀመሪያውን መያዝ ይበቃል።

የጀመረ ሥራ ከሆነ መጀመሪያ መለያ ቁጥሩን ከቶፕ የመጀመሪያ ዓምድ እናገኛለን። ቀጥሎ፦ ሪናይስ፣ ሰረዝ ኤን፣ 15፣ ሰረዝ ፒ፣ መለያ ቁጥሩ። ቶፕ ራሱ ውስጥ አር የሚለውን ፊደል ብንጫን ያው ሥራ ይሠራልናል። ቶፕን በሚመስለው በኤችቶፕ ላይ ደግሞ ኤፍ7 እና ኤፍ8 ቁልፎች ደረጃውን ከፍና ዝቅ ያደርጉታል።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። ናይስ የሚሰጠውን ቁጥር አሁን ባለው ላይ ይደምራል። የሊኑክሱ ሪናይስ ግን ባለው ላይ ሳይደምር የሰጠነውን ቁጥር እንዳለ ይተክላል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ አንዳንድ የቆዩ መመሪያዎች ኤንን ትተው ናይስ፣ ሰረዝ፣ 10 ብለው ይጽፋሉ። ሰረዟ የመቀነስ ምልክት ትመስላለች፤ አይደለችም። የአማራጭ ምልክት ናትና ውጤቱ +10 ነው። ቅድሚያ የጨመረ መስሎት ያወረደ ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ኤንን ሳይዘልሉ መጻፍ ይሻላል።

ደግሞም በቶፕ አናት፣ ፕሮሰሰሩ ጊዜውን በምን እንዳጠፋ በሚዘረዝረው መስመር ላይ፣ ኤን አይ የሚል ሌላ ቁጥር አለ። የጨዋ ፕሮሰሶች ድርሻ ነው። 90 ቢል አትደንግጡ፤ አብዛኛው ጭነት ሲጠየቅ ለመነሣት ዝግጁ ነው ማለት ነው።

አድርጌዋለሁ፤ ለምን ምንም አልተለወጠም?

የመጀመሪያውን ምክንያት አይተናል፤ ሽሚያ ከሌለ ለውጥ የለም። አራት ኮር ባለው ማሽን ላይ ሁለት ፕሮሰሶች ብቻ ቢሠሩ ለእያንዳንዱ የራሱ ምጣድ አለው። አንዱን -20፣ ሌላውን 19 ማድረግ ልዩነት አያመጣም።

ሁለተኛው፣ ማሽኑ የተጨናነቀው ሌላ ቦታ ላይ ሊሆን ይችላል። ውኃ የጠፋበት ቀን ምጣድ ቢለቀቅላት ሊጥ የሌላት ሴት ምን ታደርግበታለች? ትልልቅ ፋይሎች ሲገለበጡ ወይም ማስታወሻው (ራሙ) ሞልቶ ማሽኑ የያዘውን ወደ ዲስክ ሲያሸጋግር ችግሩ የፕሮሰሰር ተራ አይደለም። ለዲስክ ተራ አይኦናይስ የሚባል ሌላ ትእዛዝ አለ። እሱም ቢሆን ዲስኩን የሚያስተዳድረው ክፍል ቅድሚያን የሚያውቅ ካልሆነ ከንቱ ነው፤ በአዳዲሶቹ ፈጣን ዲስኮች ላይ ብዙ ጊዜ ማንም ተራ አያስከብርም። ለማስታወሻ እጥረት ደግሞ የትኛውም ናይስ መፍትሔ የለውም።

ሦስተኛው ምክንያት ብዙ የቆዩ ባለሙያዎችን እንኳ ያደናግራል፤ እኔም ስሜቱን አውቀዋለሁ። ቴሰራክትን በአንድ ተርሚናል 19 አድርጌ ለቅቄ፣ በሌላ ተርሚናል ሌላ ሥራ ስጀምር ሁለቱ እኩል ሲካፈሉ አየሁ። ተጠያቂው አውቶግሩፕ ይባላል። በ2011 ከወጣው ከርነል 2.6.38 ጀምሮ ሊኑክስ ፕሮሰሶችን በየተርሚናላቸው፣ በትክክለኛ ስሙ በየሴሽናቸው፣ መቧደን ይችላል፤ በብዙ ስርጭቶች (ተዘጋጅተው በሚቀርቡ የሊኑክስ ዓይነቶች) ላይም በርቶ ነው የሚመጣው። ተራው የሚከፋፈለው አስቀድሞ ለቤት፣ ከዚያ ለቤተሰቡ አባላት ይሆናል ማለት ነው። የአንድ ቤት ልጅ ለእህቷ «አንቺ ቅደሚ» ብትል ለጎረቤት የሚተርፍ ነገር የለም፤ የቤቱ ድርሻ እንዳለ ነው። ናይስም እንዲሁ በራሱ ሴሽን ውስጥ ላሉት ብቻ ጨዋ ይሆናል። ሁለቱን ሥራዎች ከአንድ ተርሚናል ብናስነሣ ቁጥሩ ወዲያው ይታያል። የቤቱን ክብደት ራሱን መለወጥ ካስፈለገም ፕሮክ በሚባለው ማውጫ ውስጥ፣ በፕሮሰሱ ቁጥር ሥር፣ አውቶግሩፕ የሚባል ፋይል አለ፤ ከ-20 እስከ 19 ያለ ቁጥር ይቀበላል።

ሰርቨር ላይ ደግሞ አገልግሎቶችና ኮንቴይነሮች (ለብቻቸው ታጥረው የሚሠሩ ፕሮግራሞች) የሚቧደኑት ሲግሩፕ በሚባለው ሥርዓት ነው። የእያንዳንዱ ቡድን ክብደት ከ1 እስከ 10000 ሲሆን ካልነኩት 100 ነው። ኮንቴይነር ውስጥ ገብቶ ናይስ መስጠት የዚያው ቤት ውስጥ ጉዳይ ነው፤ ከጎረቤት ጋር ያለው ድርሻ የሚወሰነው በቡድኑ ክብደት ነው።

አራተኛው ለሪናይስ ብቻ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች በውስጣቸው ትሬድ የሚባሉ በርካታ የሥራ ክሮች አሏቸው። ሊኑክስ የናይስ ቁጥሩን የሚይዘው ለእያንዳንዱ ክር ለየብቻ ነው። በፕሮሰሱ መለያ ቁጥር ሪናይስ ስናደርግ የሚለወጠው ዋናው ክር ነው፤ ቀድመው የተወለዱት በቀድሞ ቁጥራቸው ይቀጥላሉ። ቪዲዮ የሚቀይር ፕሮግራም በመሐል ሪናይስ ተደርጎ አሻፈረኝ ያለ ከመሰለ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ከመነሻው በናይስ ቢጀመር ሁሉም ይወርሱት ነበር።

ከ15 ወደ 5 ልመልሰው ብል ለምን እምቢ ይላል?

ተራ ተጠቃሚ ጨዋነትን መጨመር ይችላል፤ መቀነስ አይችልም። ራሱ የሰጠውን እንኳ መንጠቅ አይፈቀድለትም። ወደ ታች ማውረድ የሩት፣ ማለትም የማሽኑ የበላይ አስተዳዳሪ፣ ሥልጣን ነው፤ ሱዶን ከፊት አስቀድሞ መጻፍ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ክልከላው ማሽኑን ብዙ ሰው የሚጋራበትን ዘመን ያስታውሳል፤ ሁሉም -20 መውሰድ ቢችል ቁጥሩ ትርጉም ያጣል። አስተዳዳሪው ከፈቀደ ለተወሰኑ ተጠቃሚዎች ገደቡን ማላላት ይቻላል። የድምፅ ቀረጻ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ያደርጋሉ።

ማክ ላይ ሁለቱም ትእዛዞች አሉ፤ የዩኒክስ ዘር ስለሆነ። ዊንዶውስ ናይስ የለውም። ታስክ ማናጀር ውስጥ በዝርዝሩ ገጽ ፕሮግራሙን በቀኝ ቁልፍ ተጭኖ ከስድስት ደረጃዎች አንዱን መምረጥ ነው። እዚያ ደረጃዎቹ በቃል ስለተጻፉ የቁጥር ግራ መጋባት የለም።

ከ-20 በላይ ቅድሚያ አለ?

አለ፤ ጠባዩም ሌላ ነው። በናይስ ዓለም -20 እንኳ ለሌላው ትንሽ ያካፍላል፤ ከ0 ጋር ቢሻማ ለ0 ወደ 1.1 ከመቶ ይተርፈዋል። ሪል ታይም የሚባለው ክፍል ግን ማካፈል አያውቅም። በሲ ኤች አር ቲ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ከ1 እስከ 99 ነው፤ እዚህ ደግሞ ትልቁ ቁጥር ኃያሉ ነው። በዚህ ክፍል ያለ ፕሮሰስ ራሱ እስኪለቅ ወይም ከእሱ የሚበልጥ እስኪመጣ ኮሩን ይዞ ይቀመጣል። አንድ የተበላሸ ፕሮግራም ማሽኑን ጭራሽ እንዳይቆልፈው ሊኑክስ ለዚህ ክፍል ከእያንዳንዱ ሰከንድ 95 ከመቶውን ብቻ የመፍቀድ ልማድ አለው።

ጥብቅ ቅድሚያ እንዴት በራሱ ላይ እንደሚዞር የታየው ማርስ ላይ ነው። ፓዝፋይንደር የተባለችው የናሳ መንኮራኩር ሐምሌ 4 ቀን 1997 ማርስ ላይ አረፈች። በሊኑክስ አልነበረም የምትሠራው፤ ቪኤክስወርክስ በሚባል ሥርዓት ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ኮምፒውተሯ በራሱ እየጠፋ ይነሣ ጀመር። የመረጃ መተላለፊያውን የሚቆጣጠረው ሥራ ከፍተኛ ቅድሚያ ነበረው፤ የአየር ሁኔታ መረጃ የሚሰበስበው ዝቅተኛ። ሁለቱ በጋራ የሚጠቀሙበት፣ በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ የሚይዘው ቁልፍ ነበር።

ወደ ምጣዱ እንመለስ። ግቢው ውስጥ ያለው ሰፌድ አንድ ብቻ ነው፤ የያዘችው ደግሞ የመጨረሻ ተራ ያላት ተከራይ ናት። ባለ አንደኛ ተራዋ ሰፌድ ስለሌላት መጋገር አትችልም፤ ቆማ ትጠብቃለች። ባለ መጨረሻዋ የጀመረችውን አውጥታ ሰፌዱን እንዳትመልስ፣ ሰፌድ የማያስፈልጋቸው የመሐል ተራዎች ሥራቸውን ይዘው ምጣዱን አይለቁላትም። አንደኛዋ የመጨረሻ ሆነች። መንኮራኩሯ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ትልቁ ሥራ በሰዓቱ ስላልጨረሰ ጠባቂው ሰዓት «ነገር ተበላሽቷል» ብሎ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ያስነሣዋል።

ካሊፎርኒያ ያሉት የናሳ መሐንዲሶች ምድር ላይ በነበራቸው መንትያ ማሽን ችግሩን ደጋግመው እስኪያገኙት ሞከሩ። መፍትሔው ሥርዓቱ ውስጥ አስቀድሞ ነበር፤ ተዘግቶ እንጂ። ሰፌድ የያዘ ሁሉ፣ እስኪመልስ ድረስ፣ የሚጠብቀውን ሰው ተራ ይዋስ የሚል ደንብ ነው። ከምድር በላኩት ለውጥ አበሩት፤ ኮምፒውተሩም በዚያ ምክንያት መጥፋቱን አቆመ።